ሊጤ አልነሳ አለ፣ ማኅበሩ ደረሰ

ባለምጣዷ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) | ጥቅምት 28

ሰላም የጓዳ ሰዎች። እባካችሁ አንድ በሉኝ።

ኅዳር 12 የሚካኤል ማኅበር ተራው የኔ ነው። ሃያ ምናምን ሰው ይመጣል። ድፎ ዳቦ እደፋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። አንዷ ጓደኛዬ "ምን አደከመሽ፣ ከሱቅ እንግዛ" ብትለኝ "እኔ ቁጭ ብዬ?" ብዬ ተኮፍሼባታለሁ። አሁን ማፈግፈጊያ የለኝም።

ለሙከራ ትናንት ማታ አንድ ኪሎ ዱቄት አቦካሁ። እርሾውን በሙቅ ውሃ በጠበጥኩ። ጨው፣ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ትንሽ ኮረሪማ። ከድኜው ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው ማታ እንዳስቀመጥኩት ቁጭ ብሏል። ንቅንቅ አላለም። እልህ ይዞኝ ጋገርኩት። የስምንት ዓመት ልጄ አንስቶ መዘነውና "ማሚ፣ ይሄ የበር ማቆሚያ ነው?" አለኝ።

ሐምሌ ላይ በዚሁ ልክ ደፍቼ አሪፍ ወጥቶልኝ ነበር። አሁን ቤቱ 62 ፋራናይት ነው። ባለቤቴ ኅዳር ሳይገባ ማሞቂያ አይከፈትም የሚል ሕግ አለው።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ደብረ ብርሃን ናት። "እማዬ፣ ብርዱ ነው መሰለኝ" ስላት ከት ብላ ሳቀች። "ለደብረ ብርሃን ሰው ስለ ብርድ ታወሪያለሽ? ዛሬ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። የኔ ሊጥ ግን ኩፍ ብሎ ክዳኑን ገፍቶታል። እጅሽ ነው ልጄ።"

ይኸው ከዚያ ወዲህ እጄን እያየሁ ነው የምውለው። እጄ ነው ወይስ ብርዱ?

—

ሽሮ_ፈሰስ (አዲስ አበባ፣ ኮተቤ) | ጥቅምት 28

መጀመሪያ የማኅበሩን አድራሻ ላኪ።

ሁለተኛ፣ "በጥቅምት አንድ አጥንት" ነው የተባለው። በጥቅምት አንድ ዳቦ ያለ ሰው የለም። ቅቅል ሥሪና ዳቦው ይቅር።

—

ጽጌ_ጿሚ | ጥቅምት 28

አጥንቱ ለማን እንደሚደርስ እንጃ። ጽጌን የምንጾም ሰዎች ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አጥንት የምናየው በሰው ሳህን ላይ ነው። የፈቃድ ጾም ነው፣ ማንንም አልወቅስም። ግን ጥቅምት ሲባል ሁሉ ሰው ሥጋ የሚበላ አይምሰላችሁ።

—

ሌሊት_ጋጋሪ (አዲስ አበባ) | ጥቅምት 29

እህቴ፣ እጅሽ ጤነኛ ነው። ስድስት ዓመት ዳቦ ቤት ሌሊት ሌሊት ሠርቻለሁ። በእጅ የሚነሳ ሊጥ አላየሁም።

እርሾ ነፍስ ያለው ነገር ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያገኝ ደስ ብሎት ይሠራል። ያንቺ 62 ፋራናይት ወደ 17 ሴልሺየስ ነው። እዚያ ላይ ይለግማል። በግምት ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲወርድ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሐምሌ ላይ በአንድ ሰዓት ተኩል የተነሳው፣ አሁን ሦስት አራት ሰዓት ይፈልጋል።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሌሊቱን ሙሉ ነው የተውሽው። ብርድ ሊጥ ያዘገያል እንጂ አይገድልም። እኔ ሊጥ ሆን ብዬ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሬ ጠዋት ጋግሬ አውቃለሁ፣ እንዲያውም ጣዕሙ ይበልጣል። ያንቺ ንቅንቅ ካላለ አንድ ነገር ገድሎታል። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ውሃው ምን ያህል ይሞቅ ነበር? እርሾውስ መቼ የተከፈተ ነው?

—

ባለምጣዷ | ጥቅምት 29

ውሃው ለሻይ ከፈላው ነው። ትንሽ በረድ አድርጌዋለሁ… መሰለኝ።

እርሾው ለፋሲካ የከፈትኩት ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። አሁን ስጽፈው ራሴን አሳፈረኝ።

—

ሌሊት_ጋጋሪ | ጥቅምት 29

ገዳዩ ተገኘ።

ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ውሃ እርሾን ይፈጀዋል። ጣትሽን ከተሽ "እፍ" የሚያሰኝሽ ከሆነ ለእርሾ በጣም ሞቋል። ለብ ያለ፣ ሕፃን የምታጥቢበት ዓይነት ይበቃዋል። እርሾ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ቁም ሳጥን ቦታው አይደለም። ጥብቅ ብሎ በሚዘጋ ነገር አድርገሽ ፍሪዘር ክተቺው።

ሌላ ዱቄት ከማባከንሽ በፊት ፈትኚው። ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ። አሥር ደቂቃ ጠብቂ። አረፋ ካልሠራ ጣይው።

—

ባለምጣዷ | ጥቅምት 29

ፈተንኩት። አረፋ የለም። እንደ ሞተ ዓሣ ታች ተኝቷል። አዲስ ገዝቻለሁ።

ግን የእናቴ ነገር አልወጣልኝም። እሷ ጋ ከኔ ቤት ይብሳል ብርዱ። ፓኬት እርሾም አትጠቀምም። ታዲያ እንዴት ነው ክዳን የሚገፋው?

—

እማማ_ጓዳ (ደሴ) | ጥቅምት 30

ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ፣ ስህተት ካለ የእሱ ነው።

ልጄ ባለምጣዷ፣ እናትሽ የምታውቀውን ሁሉ አልነገረችሽም። አውቃ አይደለም። ነገር ነው ብላ አላሰበችውም። ብርዱ ውጭ ነው እንጂ እናትሽ ጓዳ መቼ ገባ? ሊጡ የሚቀመጠው ከምድጃው አጠገብ ነው። እራት የተሠራበት ፍም እስከ ሌሊት አይጠፋም። ሊጡ በዕቃው ተከድኖ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ነው የሚያድረው። እርሾውም ካለፈው ሊጥ የተረፈ ነው፤ ያን ቤት ለምዶታል። የፓኬቱ ገና እንግዳ ነው።

አንቺስ የት ነው ያስቀመጥሽው?

—

ባለምጣዷ | ጥቅምት 30

እማማ እግዜር ይስጥልኝ። የወጥ ቤቱ ድንጋይ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። መስኮቱ ሥር። አሁን ሄጄ ነካሁት። በረዶ ነው።

—

እማማ_ጓዳ | ጥቅምት 30

ድንጋይ ላይ! አራስ ልጅ ድንጋይ ላይ ይተኛል?

—

ሌሊት_ጋጋሪ | ጥቅምት 30

እማማ ጨርሰውታል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ የደብረ ብርሃን ዳቦ ሌላም አጋዥ አለው። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሊጡ ውስጥ ያለው አየር ከላይ የሚጫነው ነገር ሲቀንስ ቶሎ ይነፋል። ውሃም እዚያ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ለዚህ ነው ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል ብሎ ማገዶ የሚጨርሰው።

ባለምጣዷ ያለችበት ግን ከባሕር ወለል ብዙም አይርቅም። የእናቷን ልክ እንዳለ ብትወስድ የእናቷን ዳቦ አታገኝም። ዱቄቱም ይለያል። እናትሽ ስንዴ ገዝታ፣ አበጥራ፣ ወፍጮ ቤት ልካ የምታስፈጨው ነው። አንቺ የያዝሽው እኛ ፎርኖ ዱቄት የምንለውን ነጩን ነው። የቤቱ ዱቄት ፉርሽካው (የስንዴው ልጣጭ) ስላለ ውሃ ይጠጣል።

—

ጎጃሜዋ | ኅዳር 1

እኔ ግን እጅ የለም አትበሉኝ። እናቴና አክስቴ ከአንድ ጆንያ ዱቄት ወስደው፣ በአንድ ምጣድ ደፍተው፣ የአክስቴ ሁሌ ይሰነጠቃል። ሁሌ! ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለተዝካር። ሰው ሁሉ ያውቃል። አክስቴ ራሷ "የኔን ለልጆች፣ የእህቴን ለቄሱ" ትላለች።

—

ሌሊት_ጋጋሪ | ኅዳር 1

አክስትሽ ትቸኩላለች። ሊጡ ሳይነሳ እሳት ካየ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ ሲነፋ ይሰነጥቀዋል። አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ያዝ አድርጊያት።

—

ጎጃሜዋ | ኅዳር 1

አክስቴን ያዝ አድርጎ የሚያውቅ ሰው የለም።

—

እማማ_ጓዳ | ኅዳር 1

እጅ አለ ልጄ። ውሃውን ነክቶ የሚያውቀው እጅ አይደል? እኔ ሊጡን በጣቴ ጫን አደርገዋለሁ። ቶሎ ከተመለሰ አልደረሰም። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ይደፋ። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፣ ቢያብጥም ምጣድ ላይ ይተኛል። ይሄ ልጅ ዲግሪ የሚለውን እኔ ጣት እለዋለሁ።

—

ስቶክሆልም_ጨለማ | ኅዳር 2

እናንተ ብርድ ትላላችሁ። እዚህ ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ጨልሟል። ቤቱ ግን ሞቃት ነው። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፣ ሊጡን ኤለመንቱ አጠገብ አስቀምጡት። ኤለመንት ማለት ግድግዳው ላይ ያለው ማሞቂያ ነው። ላዩ ላይ ሳይሆን አጠገቡ። አንዴ ላዩ አስቀምጬ የታችኛው ቡኮ በስሎ ጠበቀኝ።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የስዊድን ሰው ብርድ ሲገባ ዳቦ ይጋግራል። ጣፋጭ ዳቦ፣ ቀረፋ ያለበት። በመስከረም መጨረሻ፣ በፈረንጁ ኦክቶበር 4፣ የቀረፋ ዳቦ ቀን የሚባል አላቸው። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ደግሞ ለሉሲያ በዓል በሳፍሮን ቢጫ የሆነ ዳቦ ይሠራሉ። የቀረፋው ዳቦ ሊጥ ውስጥ ሄል አለ! መጀመሪያ የቀመስኩ ቀን የእናቴ ሻይ ትዝ ብሎኝ አውቶቡስ ላይ እንባዬ መጣ። ሥራ ቦታ አንድ ቀን በሄሉ ፈንታ ኮረሪማ አድርጌ ወሰድኩላቸው። ምንድነው ይሄ ሽታ እያሉ ትሪውን ጨረሱት።

—

ሽሮ_ፈሰስ | ኅዳር 2

ሄልና ኮረሪማ አንድ አይደሉም እንዴ?

—

ስቶክሆልም_ጨለማ | ኅዳር 2

አይደሉም። ዘመድ ናቸው። ሄል ትንሽ አረንጓዴ፣ ሽታው ስል ነው። ኮረሪማ ትልቅ፣ ቡናማ፣ ጭስ ጭስ የሚል። ቅቤ ማንጠሪያ ላይ ሄል ብታደርግ ቅቤህ የሻይ ቤት ይሸታል።

—

ሰዓሊው_ሰው | ኅዳር 3

ይቅርታ ከርዕሱ ልውጣ። ስቶክሆልምና ሜሪላንድ ያላችሁ ሰዎች የበረዶውን ወቅት ክረምት ትሉታላችሁ። እኛ ጋ ክረምት ዝናብ ነው፣ ሐምሌ ነሐሴ። አሁን ያለንበት መጸው ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። ከዚያ በጋ። የእናንተ ልጆች "በክረምት በረዶ ይጥላል" ሲሉ አያቶቻቸው ግራ ይጋባሉ።

—

ባለምጣዷ | ኅዳር 3

ልጄ አያቱን "ክረምት ላይ እንመጣለን" ብሏት ሐምሌን ስትጠብቅ እኛ ለገና ደረስን። እውነተኛ ታሪክ ነው።

—

ጽጌ_ጿሚ | ኅዳር 3

አዲስ አበባም ግማሹ ሰው መስከረምን ጸደይ ይለዋል፣ ጸደይ ግን ከመጋቢት 26 ነው። ይሄ ክርክር ከተጀመረ ዳቦው አይጋገርም። ወደ ምጣዱ እንመለስ።

—

የአሽዶድ_ልጅ (እስራኤል) | ኅዳር 4

እኛ ቤት ዳቦ በየሳምንቱ ነው። ለሰንበት። ሰንበት ላይ እሳት አይነካም፣ ስለዚህ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተጋግሮ ማለቅ አለበት። በጋ ላይ ችግር የለም፣ ቀኑ ረጅም ነው። አሁን ግን ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ሊጡ ደግሞ ብርድ ይዞት ይንቀራፈፋል። ስለዚህ እናቴ ሐሙስ ማታ ታቦካለች። ብርድ ልብስ ደርባ ሳሎን ታሳድረዋለች። እኛ ልጆች ስንሆን ያንን ብርድ ልብስ ማንም አይነካም ነበር። ቢበርደንም የሊጡ ነው።

ሰሞኑን የኛ የቤተ እስራኤል በዓል ሥግድ ስለሆነ ደግሞ ብዙ ነው የሚጋገረው። ሰው እየጾመ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣል። ቀሶቹ (ካህናቱ) ጥላ ይዘው፣ ኦሪቱ ይነበባል፣ ከጸሎት በኋላ ነው የሚበላው። ያን ጊዜ ያ ዳቦ! በባዶ ሆድ፣ በብርድ ውለህ፣ ከሰው ጋር ስትቆርሰው። አያቴ ጎንደር ሳሉ ተራራ ላይ ነበር የሚወጡት። 2008 በፈረንጁ ሥግድ በሕግ የአገሪቱ በዓል ሆነ። አያቴ ዜናውን ሰምተው "እኛ መች አቋርጠን?" ነው ያሉት።

—

እማማ_ጓዳ | ኅዳር 4

እግዚአብሔር እናትህን ይጠብቅልህ። ብርድ ልብሱ ልክ ነው።

—

ሪያድ_ያለሁ | ኅዳር 5

እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ በጋው ሌላ ጉድ ነው። ሊጥ አቡክተሽ እጅሽን ሳትታጠቢ ይነሳል፣ ትንሽ ብትዘገዪ ይኮመጥጣል። ታኅሣሥና ጥር ግን ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቤቱ ሸክላ ወለል ነው፣ ማሞቂያ የለውም። ያን ጊዜ ነው ዳቦ የሚያምረው።

ማዳሜ ኩብዝ እንጂ ሌላ ዳቦ አታውቅም ነበር። ለገና ፈቅዳልኝ አንድ ትንሽ ደፋሁ። ቅጠል የለም፣ በወረቀት ነው። ጥቁር አዝሙዱን ስታይ ደስ አላት፣ እነሱም ያከብሩታል። አሁን ብርድ ሲጀምር ራሷ ናት የምትጠይቀኝ። የኔ ግን ያለ ቅጠሉ አይሸተኝም። የዳቦ ሽታ ለኔ የኮባ ሽታ ነው።

—

ባለምጣዷ | ኅዳር 5

የኔ እህት። ለገና ስትደፊ ንገሪን፣ እኛም ከዚህ ሆነን እንቁረስ።

—

የእንሰት_ልጅ (ወልቂጤ) | ኅዳር 5

ስለ ኮባ ከተነሳ እኔም ልናገር። እናንተ ቅጠሉን ለሽታ ትፈልጉታላችሁ፣ እኛ ግንዱንና ሥሩን ነው የምንበላው። ቆጮ አልነሳም የሚል ነገር አያውቅም። ጉድጓድ ገብቶ ወራት ሲቆይ ሥራውን ጨርሶ ነው የሚወጣው። ውሃው ተጨምቆ፣ በደንብ ተከትክቶ፣ በኮባ ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ። አለቀ።

ለመስቀል አገር ቤት ስንገባ ቤቱ ሁሉ ቅቤና ቆጮ ይሸታል። መጀመሪያ የጎመን ክትፎ፣ ከዚያ ዋናው ይመጣል። ከተማ ያለነው ስንመለስ ቆጮ ጭነን ነው። እስከ ኅዳር ድረስ ጠዋት ጠዋት በአይብ እሱን ስንበላ ብርድ የሚባል ነገር አይሰማንም።

—

ዳላስ_ሠፈር | ኅዳር 6

ጥያቄ። ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ዘንድሮም ጾም ላይ ነው የሚውለው አይደል? የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። በ2022 በእነሱ አቆጣጠር ልክ የመግቢያው ዕለት ነበር። ያኔ ተርኪውን (ዶሮ መሰሉን ትልቅ ወፍ) በበርበሬና በቅቤ አሽቼ ሁለት ቀን ካሳደርኩ በኋላ ነው እናቴ ቀኑን የነገረችኝ። ልጆቹ በሉት። እኔ ጎመን ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ።

—

ጽጌ_ጿሚ | ኅዳር 6

አንዳንዴ ከጾሙ በፊት ይውላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ውስጥ ነው። እኔ ዱባ ወጥ ነው የምሠራው። ወቅቱ ነው፣ ሱቁ ሁሉ ዱባ ነው። ግን ለሃሎዊን ፊት የሚቀርጹበትን ትልቁን ብርቱካናማ እንዳትገዙ። ውሃ ነው፣ ቁሌቱ ውስጥ ይሟሟል። ካቦቻ የሚባል ልጣጩ አረንጓዴ የሆነ አለ፣ እስያ ሱቅ። እሱ ነው ወደ አገራችን ዱባ የሚጠጋው። ድርቅ ያለ፣ ጣፋጭ። ካጣችሁ በተርነት።

ቀይ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በደንብ አብስሉ፣ ከዚያ ዘይትና በርበሬ፣ ዱባው መጨረሻ። ብዙ አታማስሉ። ከሽምብራ ዓሣ ጋር ሲቀርብ ተርኪውን ዞሮ የሚያይ የለም።

—

ሽሮ_ፈሰስ | ኅዳር 6

እኔ ዞሬ አያለሁ።

ባይሆን እዚህ እሸት እየገባ ነው። የባቄላ እሸት አስፋልት ዳር ታየ። ሽምብራው በእቅፍ እየታሰረ ሲመጣ እነግራችኋለሁ። ታክሲ ውስጥ እየፈለፈሉ መሄድ ነው። ይሄን ፖስታ ቤት አይልከውም፣ አዝናለሁ።

—

አራስ_ጠያቂ | ኅዳር 7

እንጀራ ላይም ምክር ስጡ። አብሲት ጥዬም ሊጡ ሦስት ቀን ሆኖት ዓይን አላወጣም።

—

ሌሊት_ጋጋሪ | ኅዳር 7

በብርድ አራት ወይም አምስት ቀን ይሁን። ላዩ ላይ ውሃ አቅርሮ መኮምጠጥ ሳይጀምር አብሲት አትጣይ። የብዙ ሰው ስህተት እሱ ነው፣ በቀን ቆጥሮ መጋገር። አብሲቱን ስትመልሺው ሞቅ ያለ ይሁን፣ የሚፋጅ አይሁን። ከዚያ ከድነሽ ኦቨን ውስጥ መብራቱን ብቻ አብርተሽ አስቀምጪ። ኦቨኑን አደራ እንዳታበሪ። መብራቱም አምፖሉ የድሮው የሚሞቀው ዓይነት ከሆነ ነው የሚሠራው። አዲሶቹ ኤልኢዲ አይሞቁም። ያ ከሆነ አንድ ድስት የፈላ ውሃ ከሥር።

—

ባለምጣዷ | ኅዳር 13

ተመለስኩ። ማኅበሩ ትናንት አለፈ።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ሁለት ኪሎ ዱቄት። ከዚያ ውስጥ አንድ አራተኛው ፉርሽካ ያለበት ሙሉ ስንዴ ነው፣ የእናቴ ዱቄት እንዲመስል። አንድ ሊትር ከሩብ ለብ ያለ ውሃ ጀመርኩና ሙሉ ስንዴው ሲጠጣው ግማሽ ብርጭቆ ጨመርኩ። እርሾ 20 ግራም። ጨው አርባ ግራም፣ ዘይት ግማሽ ብርጭቆ፣ ጥቁር አዝሙድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሞልቶ፣ ኮረሪማ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ትንሽ ድንብላል። እርሾውን ለብቻው ፈትኜ አረፋውን አየሁ። ባለቤቴ እንኳ መጥቶ አየው።

የኛ ኦቨን አምፖሉ ኤልኢዲ ነው። ስለዚህ የፈላ ውሃ ከሥር አስቀመጥኩ፣ ሊጡን በሳህን ከድኜ፣ የእናቴን ጋቢ ደረብኩበትና በሩን ገርበብ አደረግኩት። ሁለት ሰዓት አልሞላም። ስከፍተው ሳህኑን ወደ ጎን ገፍቶታል። ጮህኩ። ልጄ እሳት የተነሳ መስሎት ሮጦ መጣ። በጣቴ ጫን አደረግኩት፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። እማማ፣ ልክ እንዳሉት።

ቅጠሉን ከእስያ ሱቅ ነው ያገኘሁት፣ የሙዝ ቅጠል፣ በረዶ ሆኖ የታሸገ። አቅልጬ፣ ጠርጌ፣ እሳት ላይ ለብ አድርጌ አለሰለስኩት። አለበለዚያ ይቀደዳል። ብረት ድስት ውስጥ ከታች አነጠፍኩ፣ ሊጡን ገለበጥኩ፣ እዚያው ሌላ ሃያ ደቂቃ አሳረፍኩት። ከላይም ቅጠል። 180 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ። ላዩ ሲቀላ አውጥቼ ገልብጬ ቂጡን ኳ ኳ አደረግኩት። ባዶ ሣጥን ይመስል ጮኸ። በነጠላ ጠቀለልኩት።

ቄሱ ባርከው ሲቆርሱት ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ፣ እንፋሎቱ ወጣ። "ከሱቅ እንግዛ" ያለችው ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ ነው ያነሳችው። ምንም አልተናገርኩም። ቆጠርኩ ብቻ።

—

ሪያድ_ያለሁ | ኅዳር 13

የሙዙ ቅጠል ሸተተ?

—

ባለምጣዷ | ኅዳር 13

ሸተተ እህቴ። እንደ ኮባው አይሆንም፣ ግን በሩን የከፈተ ሁሉ "ማን ቤት ነው የገባሁት" ይል ነበር። ማዳምሽ አገር እስያ ሱቅ ካለ ፍሪዘሩን እዪው።

—

እማማ_ጓዳ | ኅዳር 14

ተባረኪ። እናትሽስ ምን አለች?

—

ባለምጣዷ | ኅዳር 14

በቪዲዮ አሳየኋት። ገልብጪው አለችኝ። ገለበጥኩት። መነጽሯን አድርጋ ቀረብ ብላ አየችው።

"ሥሩ ትንሽ አሯል" አለች።

ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ዞራ፣ ስልኩ ያልተዘጋ መሆኑን ረስታ፣ "አየሽ የልጄን እጅ?" ስትል ሰማኋት።